ወርኃዊው የመሥሪያ ቤት እንቆቅልሽ ውድድር እንዳይሞት ምን እናድርግ?

ጥቅምት አበባ (ክር ከፋች)

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንኳን አደረሳችሁ። የምሠራው አዲስ አበባ፣ አንድ የመድን ድርጅት የካሣ ክፍል ውስጥ ነው። አምና ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሆነን በየወሩ አንድ የአእምሮ ጨዋታ ለሠራተኛው ማቅረብ ጀምረን ነበር። ጥያቄው በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ በኢሜይል ይወጣል፣ መልስ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይገባል፣ በትክክል ከመለሱት አንዱ በዕጣ ይለያል። ሽልማቱ መጽሐፍ ነው።

መጀመሪያ ያወጣነው ይህ ነበር። መብራት ጠፍቷል። አራት ሰዎች በጨለማ ደረጃ ሊወርዱ ነው፤ በእጃቸው ያለው አንድ የስልክ መብራት ብቻ ነው። ደረጃው ጠባብ በመሆኑ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው በላይ አይወርድም፣ ያለ መብራትም ማንም አይንቀሳቀስም። አንዱ በ1 ደቂቃ፣ ሌላው በ2፣ ሦስተኛው በ5፣ አራተኛው በ10 ደቂቃ ይወርዳል፤ ለመውጣትም ያንኑ ያህል ይፈጅባቸዋል። ሁለት ሰው አብሮ ሲሄድ የሚወስነው የዘገየው ነው። ሁሉም ታች ለመድረስ ቢያንስ ስንት ደቂቃ ይፈልጋሉ?

አብዛኛው ሰው 19 አለ። ፈጣኑ ሁሉንም አንድ በአንድ ቢያወርድ በእርግጥ 19 ነው። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ግን 17 ብላ መጣች፤ ቢሮው በሙሉ ተንጫጫ። የዚያን ቀን ከምሳ የተመለሰ ሰው ሁሉ ብዕር ይዞ ደረጃ ሲስል ነበር የዋለው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። መልስ የሚልኩት ያው የተለመዱት ጥቂት ሰዎች ሆኑ። ጭራሽ ቃል በቃል አንድ ዓይነት መልስ ከሦስት ሰው ይመጣል፤ ከኢንተርኔት ወይም ከቻትጂፒቲ የተቀዳ መሆኑ ያስታውቃል። ዘንድሮ ከጥቅምት ጀምረን እንደገና ልንሞክር ነው። ነገሩን ከልቤ ስለምወደው እንዲቀር አልፈልግም። በመሥሪያ ቤታችሁ የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩን።

ሰው ሀብት

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ኢሜይል የሌለው ሠራተኛ ጥያቄውን የት ያያል? ጥበቃው፣ ሹፌሩ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ቡና የምታፈላላችሁ ልጅ? እኔ የሰው ሀብት አስተዳደር ላይ ነው የምሠራው። በኢሜይል ብቻ የሚወጣ ነገር ሁሉ ለግማሹ ሠራተኛ እንዳልወጣ ነው የሚቆጠረው። በትልቅ ፊደል አትሙትና ቡና በሚጠጣበት ቦታ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ አጠገቡም የመልስ ሣጥን ይቀመጥ።

ጊዜውንም እዩት። ሰኔ 30 ሒሳብ ለሚዘጋ መሥሪያ ቤት ሰኔ ላይ እንቆቅልሽ ማውጣት ማለት የፋይናንስ ሰዎችን አትሳተፉ ማለት ነው። እኛ ሰኔን ዘለልነው፤ ሐምሌ ላይ ሰዉ ተነፋፍቆ መጣ።

ኮድ ጻፊ

ሽልማቱን በተመለከተ የተለየ ሐሳብ አለኝ። አይቢኤም የምርምር ክፍሉ በየወሩ አንድ ከባድ የሒሳብ እንቆቅልሽ ያወጣል፤ ከግንቦት 1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማለት ነው። ፈቺው የሚያገኘው ስሙ በዝርዝሩ ላይ መስፈሩን ነው። ለዚያ ስም ሲሉ ከዓለም ዙሪያ ሰዎች ሌሊት ይቀመጣሉ። እኔም ከነዚያ አንዱ ነኝ።

ሽልማቱ ሲከብድ መቅዳቱም ይበዛል። መጽሐፉን ተዉትና ስም ጻፉ። ግን በትክክል ያገኙትን ሁሉ ጻፉ እንጂ አንድ ሰው አትምረጡ። በዕጣ ሲሆን ደክሞ የፈታው ሰው ዕጣ ስላልወጣለት ብቻ ባዶ እጁን ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ወር ለምን ይደክማል?

የድሮ ሒሳብ መምህር

ልጆቼ፣ ጥያቄው መልካም ነው። ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ በየትምህርት ቤቱ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ልጄ ጥቅምት አበባ፣ ያንቺ ውድድር የተሟሟቀበትን ቀን መለስ ብለሽ እዪው። ልጅቱ 17 ብላ ስትመጣና ሰው ሁሉ «እንዴት ሆኖ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። የተሟሟቀው በማብራሪያው ነው። ፈጣኖቹ ሁለቱ ይወርዳሉ (2)፣ አንደኛው መብራቱን ይመልሳል (1)፣ ሁለቱ ዘገምተኞች አብረው ይወርዳሉ (10)፣ ታች የቀረው ፈጣን ይመልሳል (2)፣ ፈጣኖቹ እንደገና ይወርዳሉ (2)። ድምሩ 17። የነገሩ ቁልፍ ሁለቱን ዘገምተኞች ማጣመር ነው። ይህን ቆሞ የሚያስረዳ ሰውና የሚሰማ ሰው እስካሉ ድረስ ውድድሩ አይሞትም። መልሱ በኢሜይል «17 ነው» ተብሎ ከወጣ ግን የዚያኑ ቀን ይሞታል።

ስለዚህ ከጥያቄው ቀን ይልቅ የመልሱን ቀን አክብሩ። ከሰዓት ቡና ላይ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ነጥቡ ከአሥር ይሁን፤ ለመልሱ አራት፣ ለምክንያቱ ስድስት። ከስልክ የቀዳ ሰው አራቱን ያገኝ ይሆናል፤ ስድስቱን ለማግኘት ግን ገብቶት መናገር አለበት። ገብቶት ከተናገረ ደግሞ ከየትም ያምጣው፣ ተምሯል።

ለጥቅምት የሚሆን ጥያቄ ልስጣችሁ። በማንኛውም ዓመት ከአሥራ ሦስቱ ወሮቻችን አሥራ ሁለቱ እያንዳንዳቸው መባቻቸው በአንድ ቀን የሚውል ጓደኛ አላቸው። አንዱ ወር ብቻ ጓደኛ የለውም። የትኛው ነው? ለምን?

ዱባይ ደይራ

መምህር፣ እድሜ ይስጥልን። እኔ ያለሁት ዱባይ፣ ሕንዱም ፊሊፒኖውም ግብፁም በሚሠራበት የጭነት ድርጅት ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ ቋንቋ የሚጠይቅ ጥያቄ አይሆንም፤ በክብሪት እንጨት፣ በሥዕል፣ በቁጥር ነው የምንጫወተው። ለውጥ ያመጣው ግን ቡድኖቹን ከተለያየ ክፍል ማደባለቃችን ነው። የመጋዘኑ ሰው ከሒሳብ ክፍሉ ሰው ጋር ካልተጣመረ ወትሮም አይነጋገሩም። ጥያቄውን ሲፈቱ ተዋውቀው አሁን የሥራ ጉዳይ ሲያጋጥማቸው በቀጥታ ይደዋወላሉ። በረመዳን የመልስ ስብሰባውን ከምሳ ሰዓት እናወጣዋለን፤ አዲስ አበባም ቡና ላይ ካደረጋችሁት ይህን አትርሱ።

ዝምተኛዋ

እኔ የተቃውሞ ሐሳብ አለኝ፤ በቅንነት ተቀበሉኝ። በፊት በነበርኩበት መሥሪያ ቤት እንዲህ ዓይነት ውድድር ነበር። አለቃው ራሱ ይሳተፍ ነበር፤ የተሳሳተ ሰው ደግሞ በስብሰባ ላይ ይሳቅበት ነበር። ቀስ ብሎ የሚያስብ ሰው አለ። ሰው ፊት ሲሆን የሚጠፋበት ሰው አለ። «ይህን እንኳን አላወቀችም» መባልን ፈርተው ጭራሽ የማይሞክሩ ብዙ ናቸው። ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚመልሱት ሌሎቹ ስለሰነፉ አይመስለኝም።

የድሮ ሒሳብ መምህር

ልጄ ዝምተኛዋ፣ ያልሽው እውነት ነው፤ የዚህ ክር ትልቁ ነጥብም ይሄ ነው። መልሱ በብዕር ስም ይግባ። እያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመቱ መጀመሪያ አንድ የብዕር ስም ይምረጥ፣ ከሣጥኑ ጠባቂ በቀር ማንም አይወቀው። ለማስረዳት የሚነሣውም በፈቃዱ የሚነሣ ብቻ ይሁን። የተሳሳቱ መልሶች ደግሞ ያለ ስም ይነበቡ፤ ብዙ ጊዜ ከትክክለኛው ይልቅ የሚያስተምሩት እነሱ ናቸውና። በመብራቱ ጥያቄ 19 ያለው ሰው ያሰበበት መንገድ ጥሩ ነው፤ የት ላይ እንደሚቆም ማየት ነው ትምህርቱ።

በነገራችን ላይ መሳሳት የሚያሳፍር እንዳልሆነ የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። በ1990 እ.ኤ.አ. ማሪሊን ቮስ ሳቫንት የምትባል አሜሪካዊት ዓምደኛ የሦስቱን በሮች ጥያቄ በመጽሔት ዓምዷ ላይ መለሰች። ከሦስት በሮች ከአንዱ ጀርባ መኪና አለ፣ ከሁለቱ ጀርባ ፍየል። አንዱን ትመርጣለህ። የመኪናውን ቦታ የሚያውቀው አስተናጋጅ ካልመረጥካቸው ፍየል ያለበትን ከፍቶ ያሳይሃል። ምርጫህን ብትቀይር ይሻላል ወይስ ባለህበት ብትጸና? እሷ መቀየር ይሻላል አለች፤ የማሸነፍ ዕድሉ ከሦስት ሁለት ነው። የዶክትሬት ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ በሺዎች የሚቆጠሩ አንባቢዎች ተሳስተሻል እያሉ ጻፉላት። ትክክሏ ግን እሷ ነበረች። ይህን ታሪክ በመጀመሪያው ወር ንገሯቸው፣ ፍርሃቱ ይቀልላል።

ሹፌሩ

ሰላም መምህር፣ ሰላም ሁላችሁም። አንድ ድርጅት ውስጥ ሹፌር ነኝ። ሰው ሀብት ስላነሣሽን አመሰግናለሁ። እኛ ሹፌሮች መኪና ውስጥ ስንጠብቅ ነው የምንውለው። ለእንቆቅልሽ የሚሆን ጊዜ ያለው ከእኛ በላይ ማን አለ?

ግን ሁሉም ጥያቄ የሒሳብ ለምን ይሆናል? እኛ ያደግንበት ጨዋታ እኮ አለ። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፣ መላሹ «ምን አውቅልህ» ይላል። ያቃተው እንደሆነ «አገር ስጠኝ» ይባላል፣ አገር ይሰጣል። ይሄን ወደ ቢሮ አምጡት። በወሩ ያላገኙት ክፍሎች ላገኘው ክፍል አገር ይስጡ፤ ግድግዳ ላይ ካርታ ይሰቀልና የተሰጠው ቦታ በስሙ ይለጠፍለት። ዓመቱ ሲያልቅ ማን ስንት አገር እንደገዛ ይታያል።

አንድ ራሴ ያወጣሁት ልጨምር። እንቆቅልሽ! አሥራ ሁለቱ ወንድሞቹ እኩል ሠላሳ ሠላሳ ጉርሻ ይበላሉ። እሱ አምስት ጉርሻ ብቻ ይደርሰዋል። በአራት ዓመት አንዴ ታላላቆቹ ራርተው ስድስተኛ ይጨምሩለታል።

ሐይቅ ዳር

ጳጉሜን! ሹፌሩ፣ እጅህ ይባረክ፣ ግሩም ነው።

የካርታው ሐሳብ በጣም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን በዛሬው ጊዜ «ጎንደርን ሰጠሁህ፣ ሐረርን ሰጠሁህ» ሲባል የማይሆን ወሬ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ከአገር ይልቅ ወንዝ ይሰጥ። ዓባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ፣ ባሮ፣ ኦሞ፣ ገናሌ፣ ዋቢ ሸበሌ፤ ለዓመቱ የሚበቃ ወንዝ አለን። ሐይቅ ለሚያሸንፍ ቡድን ሐዋሳን ግን እንዳትሰጡብኝ።

ፊደል ቆጣሪ

የቃላት ጨዋታም ይግባ፤ ግን በራሳችን ፊደል የተሠራ ይሁን። በአርትዖት ሥራ ላይ ስለምውል ፊደል ሳገላብጥ ነው የምኖረው። ይህን ሞክሩ፤ «ለማ» ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ «ማለ» ይሆናል። «ቀላ» ሲገለበጥ «ላቀ»፣ «ሰላ» «ላሰ»፣ «ቀና» «ናቀ»። ብዙ አሉ፤ የሚወጡትም በአጋጣሚ አይደለም። ብዙዎቹ ባለሁለት ፊደል ግሦቻችን ወይ በግዕዝ ጀምረው በራብዕ ያልቃሉ፣ እንደ ሰማና በላ፤ ወይ በራብዕ ጀምረው በግዕዝ ያልቃሉ፣ እንደ ላከና ሳመ። አንዱ ሲገለበጥ የሌላውን ቅርጽ ይይዛል። በእንዲህ ዓይነት ነገር የዱባዩ ወንድማችን መሥሪያ ቤት ሊወዳደረን አይችልም።

ለወሩ ጥያቄ እንዲህ አድርጋችሁ አቅርቡት፦

ወደ ፊት ሲነበብ ያግዛል፤ ወደ ኋላ ሲነበብ ልጁን ለትዳር ይሰጣል።
ወደ ፊት ሲነበብ ከብቱን እየመራ ሳይሆን ከኋላ ሆኖ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ሲነበብ ከሕመሙ ይነሣል።

ሰው ሀብት

የመጀመሪያው «ረዳ» እና «ዳረ»፣ ሁለተኛው «ነዳ» እና «ዳነ»። እኔም አንድ አገኘሁ፦ «ሠራ» እና «ራሰ»። ዝናብ ላይ የዋለ የቀን ሠራተኛ።

ፊደል ቆጣሪ

ምሳሌው ያምራል፤ ዳኛ ብሆን ግን እቸገር ነበር። «ሠራ» በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው፣ «ራሰ» ደግሞ በእሳቱ ሰ። ግማሹ ሰው ይቀበለዋል፣ ግማሹ ይከራከራል፣ ወሩ በሙሉ በዚህ ያልቃል። ጥቅምት አበባ፣ ጥያቄው ከመውጣቱ በፊት ሕጉን አብራችሁ ጻፉ፤ ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ ይቆጠራሉ ወይስ አይቆጠሩም? የአማርኛ ውድድር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እኔ እንደ አንድ ይቆጠሩ ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም የፊደል ክርክሩ የተማረውንና ያልተማረውን እንደገና ይለያያል።

ሜሪላንድ

እኔ እዚህ አሜሪካ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ከቻትጂፒቲ የሚያድን አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፦ ጥያቄውን ከራሳችሁ መሥሪያ ቤት አውጡት። እኛ የልደቱን ጥያቄ ተጫወትን። 23 ሰዎች ባሉበት ክፍል ሁለት ሰዎች ልደታቸው በአንድ ቀን የመዋሉ ዕድል ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ማንም አያምንም፤ 365 ቀን እያለ እንዴት ሆኖ ይላል። ምስጢሩ ግን 23 ሰው 253 ጥንድ ማውጣቱ ነው። 40 ሰው ሲሆን ዕድሉ ከመቶ 89 ይደርሳል።

እኛ መጀመሪያ ሰዉ ግምቱን በወረቀት እንዲጽፍ አደረግን፣ ከዚያ ቀንና ወር ብቻ እየተጠራ እጅ ወጣ። ሁለት ነርሶች ዓመታት አብረው ሲሠሩ አንድ ቀን መወለዳቸውን ያወቁት ያኔ ነው። እናንተ ዘንድ ስታደርጉት አንድ ጥንቃቄ፦ የልደት ቀኑን በግምት ያስመዘገበ ሰው ካለ ቀኖቹ አንድ ቦታ ሊከማቹ ይችላሉ፣ ስሌቱ ይዛባል። ይህም ራሱ ጥሩ ውይይት ይወጣዋል።

ቀመር

የመምህርን ጥያቄ ማንም ሳይመልሰው ቆይቷል፤ እኔ ልሞክር። መልሱ መጋቢት ነው።

ወር 30 ቀን ነው፤ 30 ማለት አራት ሳምንትና ሁለት ቀን ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ወር መባቻ ሁለት ቀን ይገፋል። ዘንድሮ መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ፣ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ፤ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሰባት ወር ሲሞላ 14 ቀን ተገፍቶ፣ ማለትም ልክ ሁለት ሳምንት ሆኖ፣ ወደ ተነሣበት ቀን ይመለሳል። ስለዚህ መስከረም ከሚያዝያ፣ ጥቅምት ከግንቦት፣ ኅዳር ከሰኔ፣ ታኅሣሥ ከሐምሌ፣ ጥር ከነሐሴ፣ የካቲት ከጳጉሜን ይገጥማሉ። የመጋቢት ጓደኛ አሥራ አራተኛ ወር በሆነ ነበር፤ እሱ ደግሞ የለም። የጳጉሜን ቀን አምስት ይሁን ስድስት አይለውጠውም፣ ሁሉም መባቻ ከዚያ በፊት ስለሆነ።

እኔ ይህን ነገር የወደድኩት በልጅነቴ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የዘመን መቁጠሪያችንን ስሌት፣ ስማር ነው። አባቶቻችን የ28 ዓመቱን የፀሐይ ዙር (ዐውደ ፀሐይ) እና የ19 ዓመቱን የጨረቃ ዙር (ንዑስ ቀመር) አባዝተው 532 ዓመት፣ ዐቢይ ቀመር ይሉታል። ሠራተኞቻችሁ ኪስ ውስጥ ያለው የቀን መቁጠሪያ ራሱ ለዓመት እንቆቅልሽ ይበቃል።

የድሮ ሒሳብ መምህር

ሙሉ አሥር። ስለ ጳጉሜን የጨመርከው ዓረፍተ ነገር እኔ ያልጠየቅኩት ግን የምፈልገው ነበር።

ጥቅምት አበባ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሁለቱ ባልደረቦቼ ጋር ተቀምጠን ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብነው። በወረቀት ይለጠፋል፣ ሣጥን ይኖራል፣ በብዕር ስም ይመለሳል፣ አራትና ስድስት ነጥብ ይሰጣል። ወንዞቹን አንዱ ባልደረባችን ካርታ ላይ እየሳላቸው ነው። ዕጣው ቀርቷል። ሰኔም ይዘለላል። ዝምተኛዋ፣ ያንቺን አስተያየት ለሥራ አስኪያጃችን አሳይቻቸዋለሁ፤ በመልሱ ቀን እሳቸው እንደማንኛውም ሰው ተቀምጠው እንደሚሰሙ ተስማምተዋል።

የመጋቢቱ ጥያቄ እዚህ ስለተፈታ ለጥቅምት ከእሱ የወጣ ሌላ አዘጋጅተናል፤ ከመለጠፌ በፊት እስቲ ሞክሩልኝ። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ነበር። እንቁጣጣሽ እንደገና ሐሙስ የሚውለው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?

ሐይቅ ዳር

በየዓመቱ አንድ ቀን ስለሚገፋ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ 2025።

ሹፌሩ

ሐይቅ ዳር ወንድሜ፣ የጳጉሜን ስድስተኛ ጉርሻ ተረሳችህ። ዛሬ አለቃዬን ስጠብቅ መሪው ላይ ወረቀት ዘርግቼ ቆጠርኩት። 365 ቀን 52 ሳምንትና አንድ ቀን ስለሆነ ዓመቱ አንድ ቀን ይገፋል፤ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ግን ሁለት ቀን። ስድስት የምትሆነው ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት ሲተርፍ ነው፤ 2019፣ 2023፣ 2027። እንግዲህ 2019 ዓርብ፣ ቅዳሜን ዘሎ 2020 እሑድ፣ 2021 ሰኞ፣ 2022 ማክሰኞ፣ 2023 ረቡዕ። እዚህ ላይ ሐሙስ ደረሰ ስንል ጳጉሜን ስድስት ሆና ታዘልለዋለች፤ 2024 ዓርብ ይሆናል። 2025 ቅዳሜ፣ 2026 እሑድ፣ 2027 ሰኞ፣ ማክሰኞን ዘሎ 2028 ረቡዕ፣ 2029 ሐሙስ። መልሴ 2029 ነው። ትክክል ከሆነ አዋሽን ስጡኝ።